ከሻይ በኋላ የተለካ የበግ ደም

ለተከበሩ የእንስሳት ጤና ላቦራቶሪያችን ዋና ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ፣ በወር አንዴ በኮሪደራችን ሲያልፉ የምናየውም ፈገግታዎ ሳይጓደል ይህ ደብዳቤ እንዲደርስዎ ከልብ እመኛለሁ። ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍኩት ውድ ጊዜዎን ላለመሻማት ብዬ ነው።

«ቄንጠኛው» የምንለው ባልደረባዬ የክፍል ኃላፊ ሆኖ በመሾሙ የተሰማኝን ደስታ እንደሚከተለው አቀርባለሁ።

፩. ኑክሊዮታይድ የሚባሉት፣ በበጎች ደም ውስጥ የምንለካቸው ውህዶች፣ ደሙ ከበጉ እንደተቀዳ በፕላዝማው (በደሙ ፈሳሽ ክፍል) ውስጥ ባሉ ኢንዛይሞች በደቂቃዎች ውስጥ መፈራረስ እንደሚጀምሩ፣ ስለዚህም ቱቦው ወዲያው በረዶ ውስጥ ገብቶ ኢንዛይሞቹን የሚገታው ፈሳሽ ሊጨመርበት እንደሚገባ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ስናገር ኖሬያለሁ። በረዶ የሞላ ባልዲ ተሸክሜ ከበረት እስከ ላቦራቶሪ የምሮጠውም ለዚሁ ነው፤ ሩጫዬን በስብሰባ ላይ «ጥሩ ስፖርት» ብለው ስላሞገሱልኝ ምስጋናዬ ወሰን የለውም።

፪. ቄንጠኛው እኔ በሌለሁበት ቀን ቱቦዎቹን ፀሐይ በሚገባበት መስኮት ላይ ደርድሮ፣ ሻዩን አጣጥሞ፣ የጋዋኑን ኮሌታ አስተካክሎ ሲመለስ፣ ሰዓት መቁጠር የጀመረው ደሙ ከተቀዳበት ሳይሆን እሱ ወንበሩ ላይ ከተቀመጠበት ደቂቃ ነው። ኑክሊዮታይዱ እስከዚያ ፈርሶ አልቆ ነበርና «ኑክሊዮታይድ በበግ ፕላዝማ ውስጥ የለም» ብሎ ጻፈ። ሰዎቹ ከወጡ በኋላ በር አንኳኩቶ ቤቱ ሰው ኖሮበት አያውቅም እንደማለት ነው። እርስዎ ግን ግኝት ብለው ሾሙት።

፫. ቅናት ነው እንደሚሉ አውቃለሁ። ልክ ነዎት፣ ቅናት ነው፤ አንጀቴ አርሯል። የሹመቱ ደብዳቤ በስህተት መጀመሪያ የመጣው እኔ ጠረጴዛ ላይ ነበርና፣ ስሙ እስካለበት ሁለተኛ መስመር ድረስ ኃላፊዋ እኔ ነበርኩ። ለእናቴ ልደውል ስልኬን አንስቼ ነበር። አሁን በየጠዋቱ በሩ ላይ የተለጠፈውን የእሱን ስም እያነበብኩ ባልዲዬን አነሳለሁ።

በረዶዋ ሳትቀልጥባት ወደ በረት ለመሮጥ የተነሳችው፣
ሁልጊዜም ታዛዥዎ፣
ደም ቀጂዋ

ማሳሰቢያ፦ ማክሰኞ ግኝቱን ለእንግዶች ሲያቀርቡ ከፊት ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ፣ ደሙ የተቀዳው ስንት ሰዓት እንደሆነ በትህትና እጠይቃለሁ። መልሱን ፍለጋ እንዳይደክሙ፣ ያን ቀን በጉን የያዘችው ረዳቴ እንዳስተማርኳት ደሙ የተቀዳበትን ሰዓት በየቱቦው ላይ ጽፋዋለች፤ ቱቦዎቹም አልተጣሉም፣ እኔ ጋ ናቸው።