ደረጃችንን ያስነሡት ዳክዬዎች

ለክቡር የከተማችን የገጽታ ግንባታ መምሪያ ኃላፊ
በክቡር ቢሮዎ

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ሰንብተዋል? ቤተሰብዎስ ደኅና ነው? በተለይ ጉልበትዎ ደኅና እንዲሆን ከልቤ እመኛለሁ፤ ምክንያቱን ወደ ታች ሲያነቡ ይረዱልኛል። እኔ የከተማችንን ዋና ዋና ምልክቶች በሥዕል የሚያሳየውን ካርታ እንድሠራ መምሪያዎ የመረጠኝ ሠዓሊ ነኝ። ካርታው በየመሥሪያ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲያዩት ደስ እንዳለዎት ሰምቻለሁ። ደስታዎን ማደፍረስ ነውር መሆኑን ባውቅም፣ ሆድ ይፍጀው ብዬ ልተወው ብል ሆዴ እምቢ ስላለኝ ይህን በአደባባይ ለመጻፍ ተገድጃለሁ።

1. ሕዝቡ የሚያውቃቸውን ምልክቶች እንድሥል ስላዘዙኝ፣ ምን ቆርጦኝ በግምት እሥላለሁ ብዬ ሰፈር ለሰፈር እየዞርኩ ያገኘሁትን ሁሉ ከሰው ጋር ሲቀጣጠር የት እንደሚል ጠየቅሁ። ሐውልቱን የጠራልኝ የለም፤ አዲሱን አዳራሽም እንዲሁ። በእኛ በኩል ያለው ሰው ግን በአንድ አፍ «ደረጃው ጋ» አለኝ። ይህ ደረጃ ከላይኛው ሰፈር ወደ ታችኛው የሚያወርድ የድንጋይ ደረጃ ሲሆን፣ ግንበኛው አባቴ ነፍሱን ይማረውና ከጎረቤቶቹ ጋር የሠራው ነው። እናቴ ከደረጃው ራስ፣ ታናሽ እህቷ አክስቴ ደግሞ ከግርጌው ይኖሩ ነበር። እናቴ በየማለዳው ምርኩዟን ይዛ ትወርድና ሁለቱ ደጃፍ ላይ ተቀምጠው ሰፈሩን ሲያሙ ይውላሉ። አባቴ እርከኖቹን ዝቅ ዝቅ አድርጎ የገነባቸው ሐሜቱ እንዳይቋረጥ ብሎ እንደሆነ እየተናገረ ያስቃቸው ነበር። እኔም ደረጃውን፣ ሁለቱን እህትማማቾችና አጥሩ ላይ የተሰጣውን ልብስ ጭምር ሥዬ አስረከብኩ።

2. ኮሚቴዎ ልብስ የተሰጣበት ደረጃ ለከተማው ገጽታ አይመጥንም ብሎ በመወሰኑ፣ ለእኔ ሳይነገረኝ ደረጃው ከሥዕሉ ላይ ተፍቆ በቦታው መናፈሻ፣ ኩሬና ሦስት ዳክዬዎች ተተኩ። ጠብታ ውሃ በሌለበት ገደል ላይ ዳክዬ ማስዋኘት ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ መሆኑን በአክብሮት ላስረዳ ቢሮዎ ስመጣ፣ ጸሐፊዎ ስብሰባ ላይ እንዳሉ በትሕትና ነገረችኝ፤ በመጣሁ ቁጥርም አዲስ ስብሰባ ነበረ። ከሥዕሉ ሥር የተጻፈውን ስሜን ግን አልነኩብኝም። ባልሣልኳቸው ዳክዬዎች ስለተመሰገንኩ እጅ እነሣለሁ።

3. ይህንንም ሥዕል አይደል ብዬ ዋጥ አድርጌው ነበር። ይሁንና የመንገድ ሥራ ክፍሉ መሐንዲስ ካርታውን ከግድግዳ አውርዶ ይዞ ሰፈራችን መጣ። ካርታውን አየ፣ ደረጃውን አየ፣ ደግሞ ካርታውን አየ። በመጨረሻም የመምሪያው ማኅተም ባረፈበት ካርታ ላይ የሌለ ደረጃ ሕገ ወጥ ግንባታ ነው ብሎ ፈረደ። እናቴ «የኔ ልጅ፣ አፈር ስሆን! ባሌ ሲገነባው ውሃ ያቀበልኩት እኔ ነኝ እኮ» ብትለው፣ «እማማ፣ እዚህ ላይ የሚታየው ዳክዬ ነው» አላት። እግዜር ይይለት! ማሽኑም ደረጃውን ከራስ እስከ ግርጌ ናደው። ሌላው ዓለም ካርታውን ከመሬቱ ጋር ሲያስተካክል፣ የእርስዎ ሰዎች መሬቱን ከካርታው ጋር ለማስተካከል ስለደከሙ ድካማቸው ሊመሰገን ይገባዋል። እስከ ዛሬ ግን ኩሬም ሆነ ዳክዬ አልመጣልንም፤ ያለው የድንጋይ ክምር ብቻ ነው።

4. በዚህኛው ላይ እንደ ሌሎቹ ምስጋና ልጨምርበት ሞክሬ አልሆነልኝም። አክስቴ ታመመች። ሰፈራችን መኪና አይገባበትም፤ ዞሮ በሚወርደው ረጅም መንገድ ለመሄድ የእናቴ እግር አልቻለም። ስልክ አለ እንዳይሉኝ፤ በስልክ የታመመ ሰው እጅ አይያዝም። እናቴ ከፍርስራሹ ጫፍ ቆማ «አይዞሽ፣ መጣሁልሽ» እያለች ቁልቁል ትጣራለች፤ አክስቴ ደግሞ በመስኮቷ በኩል «እትዬ፣ አትውረጂ፣ ትወድቂያለሽ» ትላታለች። በኋላ የአክስቴ ድምፅ ጠፋ። ጎረቤቶች እናቴን ወንበር ላይ አስረው፣ በድንጋዩ ላይ እየተንሸራተቱ አወረዷት። ስትደርስ የእህቷ እጅ ቀዝቅዞ ነበር። «ታናሼን ብቻዋን ሰደድኳት» እያለች ታለቅሳለች፤ እኔም አብሬያት አለቅሳለሁ።

እንግዲህ ክቡርነትዎ ካርታው ለሁለተኛ ጊዜ ሊታተም ስለሆነ የሚታረም ነገር ካለ እንዳመለክት በደብዳቤ ጠይቀውኛል። የሚታረመው መሬቱ ላይ ያለው ነው። እባክዎ ደረጃው ይሠራልን፤ ካርታው ላይ ባይኖርም ቅር አይለኝም። የአክስቴ መቃብር ያለው ታች ነው፤ እናቴም አንድ ቀን በገዛ እግሯ ወርዳ አጠገቧ ልትቀመጥ ትፈልጋለች። ከዚህ ሌላ የጠየቀችኝ ነገር የለም። እኛ ዝም ብለን የምንኖር ሰዎች ነን፤ ከሞኝ ደጃፍ ሞፈር ይቆረጣል የሚባለው እውነት ቢሆንም፣ ሞፈሩ ሲቆረጥ ቆመን ማየታችንን እንዲያውቁልን ያህል ነው።

ለሰፈራችን ስላሳዩት አሳቢነት ቃላት እንደሚያጥሩኝ እየገለጽኩ፣ ስብሰባዎ የተሳካ፣ ዕድሜዎ የረዘመ፣ የሚወዱት ሰው ሁሉ በእጅዎ ርቀት የሚገኝ እንዲሆን እየተመኘሁ፣

ከታላቅ አክብሮት ጋር
የግንበኛው ልጅ

ማሳሰቢያ፦ ሰፈራችንን ሊጎበኙ ቢያስቡ ቀደም ብለው ያሳውቁን። ጎረቤቶቻችን ሰው በወንበር ተሸክሞ ማውረድን በእናቴ ስለተለማመዱ፣ እርስዎን ሳይረፍድ ያደርሱዎታል።