የካሜራዬ ፋብሪካ ከሰረ

ሐሙስ፣ ሰኔ 18 ቀን 2012 ዓ.ም.፣ ዲላ

ዛሬ ካሜራዬን የላክሁለት የአዲስ አበባው ጠጋኝ ደወለ። «ወንድሜ፣ መለዋወጫውን አትጠብቅ። ፋብሪካው በወረርሽኙ ከስሮ የካሜራ ሥራውን ሊሸጥ ነው አሉ» አለኝ። ድሮም የስልክ ካሜራ ገበያውን ሲገዘግዘው ኖሮ በሽታው ጣለው። ሠርግ ከቀረ ወዲህ እኔም ከስሬአለሁ፤ እኔን ግን የሚገዛ የለም።

ስልኩን እንደዘጋሁ ጋሽ በራሶ ባለቤታቸውን ይዘው ከኮንጋ መጡ። የልጆቻቸውን ሠርግ ሁሉ ያነሳሁት እኔ ነኝ። «ነገ ሐዋሳ ለከባድ ኦፕራሲዮን ትገባለች። ከዚያ በፊት አንድ ላይ አንሳን» አሉኝ።

ካሜራ እንደሌለኝ ነግሬ በስልኬ ላንሳችሁ አልኳቸው።

«በስልክማ የወንድሜ ልጅ ያነሳን የለም እንዴ? ወዳንተ ለምን መጣን?» አሉ ተቆጥተው።

እትዬ ግን «ተው፣ ያንሳን» ብለው ማስካቸውን አውልቀው ተጠጓቸው። አነሳኋቸው። ሳነሳ በልቤ ፎቶው እንዲበላሽ እመኝ ነበር። አልተበላሸም፤ በካሜራዬም እንዲህ አምሮልኝ አያውቅም። እትዬ ስልኩን ይዘው «አየህ፣ ገና ነኝ!» እያሉ ሳቁ። ጋሽ በራሶም ሳቁ። እኔ መሳቅ አቃተኝ።

በሞት አፋፍ ላለች ሴት የማይረባ ፎቶ የሚመኝ ሰው ሆኛለሁ። ይህንንም በወረርሽኙ ላሳብብ?