የነዚሃ የአሸዋ ከረጢት

ማክሰኞ፣ ሜይ 6

ዛሬም ፊዚዮቴራፒ። ጉልበቴ ከጠዋት ጀምሮ በርበሬ እንደነካው ያቃጥለኛል። አጥንቱ ደህና ነው፣ ነርቩ ነው ይላሉ ሐኪሞቹ። ከአባታችን የወረስነው በሽታ፤ እኔና ታናሽ እህቴ ነዚሃ። ቤቱን ለወንድሞቻችን፣ ይሄን ለእኛ...

ፊዚዮቴራፒስታችን ሲ ሙንሲፍ አልጋው ላይ አጋድሞ እግሬን አስር ጊዜ ብቻ አስነሳኝ። «ይበቃል ለላ ለጢፋ። ሳይደክምሽ አቁሚ።» እሱ ለላ ይለኛል፣ እኔ ሲ እለዋለሁ፤ እመቤትና አቶ መባባላችን ነው። አጠገቤ ነዚሃ ቁርጭምጭሚቷ ላይ የአሸዋ ከረጢት ታስሮላት ሃያ ታነሳለች። «ጎበዝ! ጎበዝ!» ይላታል። እኔን መቼ ጎበዝ ብሎኝ ያውቃል?

ሐሙስ፣ ሜይ 8

የልጄ የዶርሳፍ ሠርግ አምስት ሳምንት ቀረው። በማግስቱ እንደ ባህላችን ሙሽሮቹ ለበረከት መሬት ላይ የተጋደመውን ትልቅ ዓሣ ሰባት ጊዜ ሲሻገሩ እጇን የምይዘው እኔ ነኝ። እናት አይደለሁ?

ዛሬ ዓይን ዓይኔን እያየች፣ «እማ... ጉልበትሽ ከከዳሽ እኮ ተያይዘን ዓሣው ላይ ነው የምንወድቀው። አክስቴ ነዚሃ ትያዘኝ?» አለችኝ።

«እንደፈለግሽ» አልኳት። እንደፈለግሽ!

አርብ፣ ሜይ 9

ቀናሁ። በገዛ እህቴ። ይኸው ጻፍኩት።

ሰኞ፣ ሜይ 12

ካልሲ ውስጥ ሩዝ ሞልቼ ቁርጭምጭሚቴ ላይ አሰርኩ። ጠዋት ሃያ። ከሰዓት ሠላሳ። ለማንም አልተናገርኩም።

ማክሰኞ፣ ሜይ 20

ትናንት አርባ አነሳሁ። ዛሬ ከታክሲ ስወርድ እግሬ እምቢ አለኝ፤ አስፋልቱ ላይ ተዘረርኩ። ሲ ሙንሲፍ ሲሰማ ጮኸብኝ።

«ሩዝ?! የጤነኛ ሰው ጡንቻ ቢያደክሙት ይጠነክራል። የእናንተን ነርቩ በደንብ አያዘውም፤ ካደከምሽው ይባስ ይላላል።»

«ነዚሃስ?»

«የእሷ ገና አልጠናም። ጉልበቷ ወደ ኋላ መታጠፍ ከጀመረ ግን ያንኑ ቀን ከረጢቱን እፈታለሁ።»

ነዚሃ ክንዴን ይዛ ታክሲ ድረስ ሸኘችኝ። «እትዬ፣ ሩዙን እንኳ ቀቅለሽ ብትበዪው!» እያለች ትስቃለች። አልሳቅኩም።

እሁድ፣ ጁን 15

ወንበር ላይ ቁጭ ብዬ አየሁ። ዓሣው በአበባ አጊጦ፣ ዶርሳፍ ቆንጆ... እጇ በነዚሃ እጅ። ስድስተኛውን ሲሻገሩ የነዚሃ ጉልበት ወደ ኋላ እጥፍ አለ። በእልልታው መሀል ማንም ልብ አላለም። እኔ ግን አየሁ። የእኔም እንዲህ ነው የጀመረው።

ደስ አለኝ። አላህ ይቅር ይበለኝ፣ ደስ አለኝ።

ማክሰኞ፣ ጁን 17

ነዚሃ ሃያ አምስት አነሳች፤ ከነአሸዋው። «ጎበዝ!» አላት። ልነግረው አፌን ከፈትኩ... ውሃ ጠጣሁ።

ማክሰኞ፣ ጁን 24

ዛሬም ዝም። ምን ዓይነት ሰው ነኝ?

ማክሰኞ፣ ጁላይ 1

የነዚሃ እግር ከአልጋው አልነሳ አለ። ሲ ሙንሲፍ ጉልበቷን ዳበሰው፣ ከረጢቱን ፈታ። «መቼ ጀመረሽ?» «እኔ እንጃ...» ያለ ምንም ክብደት ስድስት እንኳ አልሞላላትም። እኩል እንድንሆን አልነበር የተመኘሁት? እኔ አስር አነሳለሁ። በለጥኳት።

እሱ ሲወጣ ነገርኳት።

«የዓሣው ቀን ጉልበትሽ ሲታጠፍ አይቻለሁ።»

«አይተሽ?»

«ዝም አልኩ። ቀንቼ... ዶርሳፍን አንቺ ስለያዝሻት።»

ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

«ስደቢኝ፣ ነዚሃ።»

«ጫማዬን እሰሪልኝ» አለች፣ ፊቷን ሳታዞር።

መሬት ቁጭ ብዬ አሰርኩላት። ስጨርስ መነሳት አቃተኝ። እጇን ዘረጋችልኝ... ከዚያ የራሷ ጉልበት ትዝ ሲላት መለሰችው፣ ሲ ሙንሲፍንም ጠራችው።