የታልቦርን ግቢ ዋርካ

ሜልበርን፣ ማርች 14 ቀን 1988

ይድረስ ለልጄ ለዴዝመንድ፤

ለንደን ብርዱ እንዴት ይዞሃል? ልጆቹስ? እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ደረጃ አልወጣም ብሎኛል። ዋርካው ግን ሞተ።

የገና በዓል አልፎ ወር ሳይሞላ ቅጠሉ ይረግፍ ጀመር። ጎረቤታችን ቩላ በአጥሩ ላይ ብቅ ብላ፣ «ኧረ ሜርል፣ ይሄን ዛፍ ምን ነካው? ልጅሽ ሲንከባከበው አልነበር እንዴ?» አለችኝ። እሷ እንደሆነች ግሪክ አገር ያለ ዘመዷ ሁሉ እስኪሰማ ነው የምታወራው።

ቤታችንና ግቢው በቅርስነት ይጠበቁ አይጠበቁ የሚለውን የቅርስ ኮሚቴው የሚወስነው በጁን ነው። ቤቱ ብቻውን ብዙም አይገርማቸውም፤ በድሮዋ ንግሥት ዘመን የተሠራ ባለ ግንብ ቤት በየሰፈሩ ሞልቷል። የሌሎቹ ግቢ ግን ተሸንሽኖ አፓርትማ ፊታቸው ላይ ተገትሯል። እንዳለ የቀረው የእኛ ታልቦርን ነው፤ የሠረገላው መንገድ፣ የፈረሶቹ ቤት፣ አያቴ የተከሉት ዋርካ። አንተ ደግሞ «ግቢውን እንሽጠው፣ ምን ያደርግልሻል?» ስትለኝ ኖረሃል።

የማዘጋጃ ቤቱ የዛፍ ባለሙያ መጥቶ ግንዱ ላይ የተጠመጠመውን ሐረግ ገለጥ አደረገው። ከሥሩ ዙሪያውን በመሰርሰሪያ ተበስቶ፣ ቀዳዳው በሰም ተደፍኗል።

«እማማ፣ ይሄ በሽታ አይደለም፤ መርዝ ነው» አለኝ። «እዚህ ዛፍ ጋ ማን ሲመላለስ ነበር?»

በገና ሰሞን መጥተህ ሳለ በማለዳ እየተነሣህ፣ «እማዬ፣ አንቺ ተኚ፤ ዛፉን እኔ አጠጣዋለሁ» ስትለኝ ደስታዬን አልቻልኩትም ነበር። ለቩላ «ልጄ በመጨረሻ ግቢውን ወደደው» ብዬ ጉራዬን ነዛሁባት። እኔ ሞኟ!

ዋርካው ከሌለ ግቢው ከጥበቃው ሊወጣ ይችላል አሉኝ የኮሚቴው ሰዎች። የሚጠበቀው ቤቱ ብቻ ይሆናል፤ ሌላው ለገዢ ክፍት ነው። እንኳን ደስ ያለህ ልበልህ ይሆን? እንኳንም አባትህ ይሄን ሳያይ ሞተ።

ባለሙያው መልሴን ቆሞ ጠበቀ። እንዲህ ያደረገ ሰው ሲገኝ ፍርድ ቤት ይቆማል፤ ስሙም ጋዜጣ ላይ ይወጣል። «ማንንም አላየሁም» አልኩት፤ ዓይን ዓይኑን እያየሁ። እንዳላመነኝ ገብቶኛል።

ለመጪው ገና ለመምጣት አትድከም፤ እዚያው ከልጆችህ ጋር ዋል። ለእነሱ ጤናና ዕድሜ ይስጥልኝ፣ ሳምልኝ። አንተንም እግዚአብሔር ይጠብቅህ፤ እኔ የድርሻዬን ጠብቄሃለሁ።

እናትህ ሜርል