አምስት በመቶ ያልኩት ጠጅ

ጥር 13

ዛሬ ለ11ኛ ክፍል የመጠን ፐርሰንት አስተማርኩ። አንድ ጠርሙስ ቢራ፣ 330 ሚሊ ሊትር፣ 5 በመቶ… ስንት ንጹህ አልኮል አለው? 16.5። ከኋላ የተቀመጡት ሳቁ። አንዱ እጁን አወጣ፣ «ቲቸር፣ ደም ውስጥ ሲገባስ?» አልኮሉን ወደ ግራም ቀይረን፣ ለሰውየው ክብደትና በሰውነቱ ላለው የውሃ ድርሻ አካፍለን አሳየኋቸው። ደወሉ ተደወለ፣ ማንም አልተነሳም! ደስ አለኝ።

ጥር 17

ነገ ዋጫ ከተማ ሠርግ አለ። የአከራያችን የእትዬ ዙፋን የወንድማቸው ልጅ ልታገባ ነው። ባለቤቴ ለገሰ በፒክአፑ ይወስደናል። የማርመው ፈተና ተቆልሏል… በጊዜ ብንመለስ።

ጥር 19



ትናንት ከምሳ በኋላ እንሂድ አልኩ። ለገሰ ሦስት ብርሌ ጠጅ ጠጥቷል። እትዬ ዙፋን መኪናው በር ላይ ቆመው፣ «ጠጥቶ የለም እንዴ? እዚሁ ብናድርስ?» አሉ። ስልኬን አወጣሁ። ሰው ሁሉ እያየ በለገሰ ደም ውስጥ ያለውን አልኮል አሰላሁ። ሚዜዎቹ ከበቡኝ።

«ችግር የለም እትዬ። ሁለት ቢራ እንደጠጣ ሰው ነው።»

ተጨበጨበልኝ። እሳቸውም ገቡ።

ከዋጫ ወጣ እንዳልን ኩርባው ላይ መንገድ ለቀን ቦይ ውስጥ ገባን። ዝናብ የለ፣ ከፊት የመጣ መኪና የለ። እኔና ለገሰ ጫር ጫር ብቻ። እትዬ ዙፋን ግን… ቀኝ ክንዳቸው ሁለት ቦታ ተሰብሯል።

ጥር 20

ጠጁን እንደ ቢራ አምስት በመቶ ብዬ ነው ያስገባሁት። የማር ጠጅ፣ ያውም የሠርግ! አሥር፣ አሥራ ሁለት እንደሚደርስ ጠፍቶኝ ነው? አውቃለሁ። አሥራ ሁለት ብል ውጤቱ ከእጥፍ በላይ ይሆን ነበር፣ እዚያው እናድር ነበር። ታዲያ ለምን አምስት? ቤቴ ልግባ ብዬ። ሰው እያደነቀኝም ስለነበር…

ጥር 22

ለገሰ መጠጣቱን ለትራፊክ ፖሊስ አምኗል። መንጃ ፈቃዱን ያዙበት። ስለ ስሌቱ ግን ትንፍሽ አላለም። «አንቺ ምን አገባሽ? የነዳሁት እኔ ነኝ» አለኝ። እኔም ዝም አልኩ።

መምህራኑ «እንኳን እግዚአብሔር አተረፈሽ» ይሉኛል። አሜን እያልኩ መሬት መሬት አያለሁ።

ጥር 24

ሾርባ ይዤ ሆስፒታል ሄድኩ። በማንኪያ እየሰጠኋቸው ነገርኳቸው። ሁሉንም።

«አምስት ያልኩት እያወቅኩ ነው፣ እትዬ።»

ማንኪያውን በግራ እጃቸው ገፋ አደረጉት።

«እኔ እኮ ልቀር ነበር። እሷ ተምራለች፣ ታውቃለች ብዬ ነው የገባሁት።»

ምነው በሰደቡኝ…

ጥር 25

ትራፊክ ጽሕፈት ቤት ሄጄ ቃሌን ሰጠሁ። ለገሰ ተቆጣ፣ በኋላ አለቀሰ። ቀለል ይለኛል ብዬ ነበር። አላለኝም።

የካቲት 3

እትዬ ዙፋን ወንድማቸው ቤት ሊያገግሙ ዛሬ ወደ ዋጫ ሄዱ። ፒክአፑ ተጠግኗል። ጎረቤታችን ጣሰው እንዲነዳላቸው ለምኜ በጠዋት በራቸው ላይ አቆምነው።

«ጣሰው ጴንጤ ነው፣ እትዬ። መጠጥ በአፉ አይዞርም። እሱ ያድርስዎት።»

ክንዳቸው አንገታቸው ላይ በሻሽ ታስሯል።

«ይሄንንም የምትነግሪኝ አንቺ ነሽ?» አሉ።

በእግራቸው ወደ መናኸሪያ ወረዱ። ሻንጣዎን እንኳ ልያዝልዎት ብል እምቢ አሉኝ።