የአባዬ ሚጥሚጣ

እማዬ፣ የእኔ ሸጋ፤ ከተለየሽን አምስት ወር ሆነ። ደህና ነን ብዬ ልጀምር ነበር፤ ግን አንቺን መዋሸት መቼም አልችልበት። ግራ ገብቶኛል።

ቤቱ ያው ነው። በቀሐ ወንዝ በኩል ያለውን አጥር አሳደስነው፤ ቀይዋ ዶሮሽም ፈለፈለች። አባዬ ተዝካርሽ እስኪወጣ ዝም ብሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ጠዋት ጠዋት እህል ሳይቀምስ፣ ሰው ሳያናግር ቁጭ ብሎ አንቺ ትበጠብጪለት የነበረውን ሚጥሚጣ ይጠብቃል። ጤና ጣቢያ ጨጓራህ ቆስሏል፣ የሚያቃጥል እንዳትነካ ካሉት ስንት ዘመኑ! እሱ እቴ፤ ለሆዴ ከእናትሽ ሚጥሚጣ ሌላ መድኃኒት የለኝም ይላል። አንቺስ ብትሆኚ፣ ነርሷ ፊት ሚጥሚጣ ካልጠጣ አይሻለውም ብለሽ ድርቅ ያልሽ ቀን መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ።

መድኃኒት ሲቀመም ሰው ካየው አይሠራም እያልሽ ጓዳውን ትዘጊብኝ ስለነበር፣ አሠራርሽን አላውቀውም። ሲጨቀጭቀኝ ጊዜ ሚጥሚጣ ወቅጬ በሙቅ ውሃ በጥብጬ ሰጠሁት። ወይ ጉድ! ሁለት ቀን ሆዱን ይዞ ተኮራመተ። አባቴን በእጄ ገደልኩት አልኩ። ቀና ሲል ደግሞ፣ ይኼ የእናትሽ አይደለም አለኝ። ተናደድኩብሽ እማዬ፣ እውነቴን ነው።

ያን ጊዜ የእሱን ሚጥሚጣ ታኖሪበት የነበረውን ጣሳ ከጓዳ አውጥቼ ከፈትኩት። ከላይ ስስ ቀይ፤ ከሥሩ ሁሉ የተልባ ዱቄት! ምነው እማዬ? ያ ሁሉ ሳልሽ፣ ሚጥሚጣው ያነቀሽ ይመስል ፊትሽን አዙረሽ በነጠላሽ ጫፍ ዓይንሽን እያበስሽ ኩባያውን የምታቀብይው፣ ለተልባ ነበር? ከመቼ ጀምሮ? ጤና ጣቢያው ከከለከለው ወዲህ ነው ወይስ እኔም ሳልወለድ? ለእኔ ብትነግሪኝ ምን ነበረበት?

ትናንት ተልባውን በጠበጥኩለት። ሚጥሚጣዋን ጣል ማድረጉን ረስቼው ኖሯል፤ ትዝ ያለኝ ጨልጦ ሲጨርስ ነው። እሱ ግን ከንፈሩን እፍ እፍ እያለ፣ ይቺ ናት የእናትሽ፣ አቃጠለችኝ አለ። ዓይኑ እንባ ሞልቶ ነበር።

አሁን ጭራሽ ዞረብኝ። ያውቅ ነበር ማለት ነው? ማወቁንስ አንቺ ታውቂ ነበር? እሱን ልጠይቀው ድፍረቱ የለኝም፤ አንቺም አትመልሺልኝ። እኔ ግን አልረሳሽም። አባዬ እስካለ ድረስ ኩባያውን ሳቀብለው እንደ አንቺ ፊቴን አዙሬ እስላለሁ።

ዛሬ ጠዋት ሳልኩ። አይዞሽ ልጄ፣ እናትሽንም እንዲሁ ያስላት ነበር አለኝ።