ክሩን ማዶ ላይ የያዘው እጅ፦ የአባባ ካይት የሕይወት ታሪክ

ሰፈሩ ሁሉ «አባባ ካይት» የሚላቸው እኚህ ሰው ከጃንጥላ ጠጋኝ አባታቸውና ከልብስ ሰፊ እናታቸው፣ ከጥገና ሱቁ ጀርባ ባለችው አንድ ክፍል ቤት ተወለዱ። የትውልድ ዓመታቸውን የሥራ መታወቂያቸው አንድ ይለዋል፣ የጡረታ ወረቀታቸው ሌላ። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው የበኩር ልጃቸው ሁለቱን ጎን ለጎን አስቀምጣ ብታይ ብታይ አልገባትም። ስለዚህ ሰባ ስድስት ወይም ሰባ ስምንት ዓመት ኖረዋል ተብሎ ይነበብ።

ትምህርታቸውን እስከ ስድስተኛ ክፍል ተከታተሉ። ልባቸው ግን የተሰበረ ጃንጥላ ላይ ነበር፤ በክር ተይዞ በነፋስ ለሚንሳፈፈው መጫወቻ፣ ለካይት፣ ከሽቦው አጥንት፣ ከጨርቁ ክንፍ ያወጡ ነበር። ካይት ከሁለት ሺህ ዓመት በፊት በቻይና ከቀርከሃና ከሐር ይሠራ እንደነበር፣ ኋላም የአየር ጠባይ መለኪያ ተሸክሞ ይወጣ እንደነበር ሽፋኑ ከተቀደደ መጽሔት አንብበው ላገኙት ሁሉ ያወሩ ነበር። «የሚያበረው ነፋሱ ብቻ አይደለም፣ ክሩ ስለያዘው ነው። ልቀቂው፣ ይወድቃል» ይሏት ነበር ልጃቸውን። የተያዘ ነገር እንዴት ሽቅብ እንደሚወጣ አልገባትም። «ጋደል ብሎ ነፋሱን ወደ ታች ስለሚገፋው ነው፣ አንቺ ደረቅ!» ሲሏትም አልገባትም።

በሃያ አራት ዓመታቸው በስልክ መሥሪያ ቤት ሽቦ ዘርጊ ሆነው ተቀጠሩ። በሁለተኛው ዓመት ሽቦውን ወደ ማዶ የማሻገሩ ሥራ ገደል አፋፍ ላይ ቆመ። ከገደሉ ሥር ያለው ወንዝ ጀልባ አያስገባም፤ በሩቁ ድልድይ ለመዞር ሁለት ቀን ይፈጃል፣ በዚያም ሰው እንጂ የተዘረጋ ሽቦ አይዞርም። እሳቸውም ጅራት የሌለው፣ አግዳሚ አጥንቱ እንደ ቀስት የጎበጠ ካይት ሠሩ። አለቃቸው «ሰውዬ፣ ለሥራ ነው የመጣኸው ለጨዋታ?» ቢላቸውም ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ወደ ማዶ ሲዞር ለቀቁት። ካይቱ ማዶ ወረደ። ቀይ ሻሽ ያሰረች ሴት ክሩን ይዛ ዛፍ ላይ አሰረችው። ከዚህ ማዶ ሆኖ የሚታየው ቀዩ ብቻ ነበር።

ገሚሶቹ ጓዶቻቸው ሽቦውን ይዘው ወዲህ ቀሩ፤ እሳቸው ከሌሎቹ ጋር በድልድዩ ዞረው ማዶ ደረሱ። በክሩ ሲባጎ፣ በሲባጎው ገመድ፣ በገመዱ ሽቦ ተጎተተ፤ ስልኩም ተሻገረ። ቀይ ሻሽ ያሰረችዋን ሴት አፈላልገው አገኟት፣ በሦስተኛው ወርም አገቧት። ሻሹ ግን የሁለት እህትማማቾች ነበር፤ በተራ ነበር የሚያስሩት። የክሩ ቀን በማን ራስ ላይ እንደነበር ሁለቱም «በእኔ» ይላሉ።

በሃምሳ ዓመት ትዳራቸው አራት ልጆች አፈሩ። የባለቤታቸው ታላቅ እህት፣ ልጆቹ አክስት የሚሏቸው፣ አብረዋቸው ኖረው ልጆቹን እኩል አሳደጉ። «እሱ እኮ ያገባው ሻሹን ነው» እያሉ ያስቁ ነበር። አባባ ካይት ሲጠየቁ «እኔ ያየሁት ቀዩን ነው» ብለው ወደ ክራቸው ይመለሱ ነበር።

በሳንባ ሕመም ሁለት ወር ተኝተው ባለፈው ማክሰኞ ጠዋት ዐረፉ። በማግስቱ አክስት የበኩር ልጅቷን ጠርተው «ክሩን የያዘችው እናትሽ ናት ብለሽ ብትጽፊ፣ ቀብሩ ላይ አታዪኝም» አሏት። እናቷ ደግሞ «እኔ አይደለሁም ከተባለ፣ ሃምሳ ዓመት በማን ቦታ ነው የተቀመጥኩት?» ብለው አለቀሱ። ልጅቷ እስክሪብቶዋን ይዛ ግራ ገባት። ሁለቱም ውሸት አያውቁም።

አባቷ የሚቀበሩበትን ሙሉ ልብስ ከሣጥን ስታወጣ አንድ ቆርቆሮ አገኘች። ውስጡ የዛፍ ቅርፊት የተጣበቀበት ቁራጭ ክር ነበር፤ ሁለት ቋጠሮ አለበት። አንዱ እንደ ማንኛውም ሰው ቋጠሮ ነው፤ ሌላው ወደ ግራ የዞረ። አክስት ግራኝ ናቸው። ክሩን በእናቷና በአክስቷ መካከል አስቀመጠችው።

«ይሄ የእኔ ነው» አሉ አክስት፣ ግራውን እየነኩ።

«ያንቺማ ላልቶ ነበር፤ ከላዩ የደገምኩበት እኔ ነኝ» አሉ እናቷ።

«ረስቼው ኖሯል! ክሩ እጅሽን ቆርጦሽ ስታለቅሺ ቁስልሽን በሻሹ የጠቀለልኩልሽስ?»

እናቷ መዳፋቸውን ገልብጠው ጠባሳውን አዩ። ሁለቱ ተቃቅፈው አለቀሱ። ዛሬም ቀብሩ ላይ ከፊት ወንበር ጎን ለጎን ተቀምጠዋል።

ስለዚህ እንዲህ ተብሎ ይነበብ፦ ክሩን የያዙት ሁለቱም ናቸው። አባባ ካይት ይህን ያውቁ ነበር? ቋጠሮውን ቆርጠው ያስቀመጡት እሳቸው ናቸው፤ የገመድ ሰው ቋጠሮ አይስተውም። ታዲያ ሃምሳ ዓመት ለምን ዝም አሉ? ልጃቸው አሁንም አልገባትም።

ባለቤታቸውን፣ የባለቤታቸውን እህት፣ አራት ልጆችንና ዘጠኝ የልጅ ልጆችን ትተው ሄደዋል። ፈጣሪ የነፍሳቸውን ክር ማዶ ላይ ሆኖ ይያዝላቸው፤ እንዳይላላም ደግሞ ይቋጥርላቸው።